የሚበዛው

ጥያቄው አጭር ነው፤ አንድ መስመር ተኩል፦
"ከነዚህ ቁጥሮች አንዱ ከግማሽ በላይ ተደጋግሞ ይገኛል፤
እሱን ለዪልኝ። ግን ሰንጠረዥ አትዘርጊ፣
ለያንዳንዱ ስም የብቻ ሣጥን አትፈልጊ።"
ትናንት በመዝገብ ሞከርኩት፤ ሠራ፤ ግን ከበደ።
ዛሬ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩት፤ ጊዜው ነጎደ።
ፈተናው ነገ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤
በእጄ ያለው ሁለት ግማሽ መልስ፣ አንድ ራስ ምታት።

ሜክሲኮ ስደርስ መሽቷል። ያካፋል።
መንገዱ ተቆፍሮ፣ ሰልፍ ከሰልፍ ተጣልፏል፤
የጀሞው ከሳሪሱ፣ የቄራው ካየር ጤናው፣
አንድ ረጅም ጅራት ሆኖ፣ ራሱን ማን ሊያየው?
ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ከሆዴ አጣበቅኩት፣
ስልኬ አሥራ አንድ ፐርሰንት ሲል፣ አላየሁም ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሃይገር ብቻ መጣ። ሾፌሩ መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቶ፣
"ከግማሽ በላይ ወዳንድ ሰፈር ከሆነ" አለ፣ ፊቱን አዙሮ፣ አዛግቶ፣
"እጭናለሁ፤
ካልሆነም ባዶዬን ጋራዥ እገባለሁ።"

ተራ አስከባሪው ዘርጋው ይባላል፤
ድምፁን ገና ከሰዓት በፊት ጨርሶ፣ አሁን በቅንድቡ ያዛል።
ወረቀት የለው፣ እስክሪብቶ የለው፤
ከኪዮስኩ ደጅ ጎንበስ ብሎ ቆርኪ አፈሰ፤ ሌላ ምን ደብተር አለው?

"ወዴት ነህ?"
"ጀሞ።" አንድ ቆርኪ።
"አንቺስ?"
"ጀሞ።" ሁለት።
"እርስዎስ?" ኬክ በካርቶን የታቀፉ ሰውዬ፣ "አየር ጤና።"
አንዱን ጣለና
አለፈ። "ሳሪስ።" የቀረውንም ጣለ፤ መዳፉ ባዶ።
ቀጥሎ የተጠራውን ስም እንደ አዲስ ያዘ፣ ያለፈውን ክዶ።

እኔ ጋ ሲደርስ "ቄራ" አልኩት።
ቆርኪዋ ቦዩ ውስጥ ስትወድቅ ሰማሁ፤
የኔ ቄራና የማላውቀው ሰው ጀሞ
በአንዲት ቆርኪ ተሳፍረው በጎርፉ ወረዱ።

ያኔ ገባኝ፤ እዚያው ቆሜ፣ ጫማዬ ውኃ እየጠጣ፦
የማይገጥም ከማይገጥም እየተጣመረ ቢወጣ፣
ከግማሽ የበዛው፣ ሁሉም ቢያብሩበት እንኳ፣
አንድ ይተርፈዋል፤ ያቺን አንዷን ማን ሊነካ?
አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር። በቃ።
ሳልፈልግ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ከፊቴ ያለችው ሴት ጃንጥላዋን ይዛ ራቅ አለች።

ሰልፉ አለቀ። መዳፉ ላይ አንዲት ቆርኪ ቀረች፤
ስሟ ዓለም ባንክ፤ ዘግይተው ከደረሱት ልጆች የመጣች።
"ዓለም ባንክ!" ብሎ አንዱ በሩን ሊይዝ ሮጠ።
ዘርጋው እጁን ዘረጋ። "ቆይ!" ድምፁ ተቆራረጠ።
"በእጅ የቀረ ሁሉ የበዛ አይደለም።"

ተመለሰ። ከራስ እስከ ጅራት፣ እንደገና፣ ስለዚያ ስም ብቻ ጠየቀ።
ዓለም ባንክ፦ ከአርባ አንድ ሰው አሥራ ሁለት።
የጀሞዎቹ ተናደው ራሳቸውን ቆጠሩ፤
አሥራ ሰባት።
ከሁሉም በለጡ፤ ከግማሽ ግን አላለፉም፤
አራት ሰው ጎደላቸው፤ አራት ሰው ደግሞ በዝናብ አይበደርም።
ሾፌሩ ሳቀ፣ ክፋት የሌለው ሳቅ፤ መስኮቱን ዘጋ።
ሃይገሩ ባዶ ወንበሮቹን አብርቶ ሄደ።

በእግሬ ወደ ቄራ ወረድኩ።
ከአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት ታዛ ሥር፣ ስልኬ ሳይሞት፣
በአንድ አውራ ጣት ስምንት መስመር ጻፍኩ።
ስሙን "እጩ" አልኩት፤ ቆጣሪውን "ቆርኪ"።
ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣
ተመልሶ የሚቆጥር ሁለተኛ ዙር ጨመርኩ።

ነገ ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ "ይሄ ለምን?" ይለኝ ይሆናል፤
"የሚበዛው አለ ብሎ ጥያቄው ራሱ ነግሮሻል።"
እውነት ነው፤ ጥያቄው ነግሮኛል።
ሜክሲኮ ግን ምንም ቃል አልገባችም።